የታዘለው ድስት

ድንች ተቀቅሎ ክዳኑ ሲነሳ፣ እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ እስከ ዛሬ የሚሞቀኝ ጀርባዬ ነው። አትሳቅ፣ እውነቴን ነው።

ያኔ አግብቼ ገና ሳልወልድ፣ ጎንደር መናኸሪያው አጠገብ ድንች በአዋዜ እሸጥ ነበር። ፈቃድ የለኝ፣ ሱቅ የለኝ፤ ያለኝ አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ መቀመጫ ዱካና ምላሴ ነው። ድንቹን ከዳባት የሚያመጣልኝ ገበሬ፣ ከሰል ሻጯ፣ አዋዜውን የምትፈጭልኝ ጎረቤቴ፣ ሁሉም ከዚያች ድስት ትንሽ ትንሽ ይደርሳቸው ነበር። ፎቅ የሚሠሩት የቀን ሠራተኞችም ምሳቸው እኔው ጋ ነው። ካረፈድኩ፣ ምነው ዛሬስ ጨከንሽብን ይሉኛል።

መከራችን ደንብ አስከባሪዎቹ ነበሩ። አንድ ድስቴን ቀደም ብለው ወስደውብኛል፤ ይህችኛዋን የገዛሁት የጆሮ ወርቄን ሸጬ ነው። እሷም ከሄደች አለቀልኝ፣ ሌላ ወርቅ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አጠገቤ የምትቀመጠው ሽንኩርት ሻጭ ጮክ ያለ ሳል ሳለች። ምልክታችን ነው፣ መጡ ማለቷ ነው። ሌሎቹ ሸራቸውን ጠቅልለው በረሩ። እኔ ትኩስ ድስት ይዤ የት ልብረር? ክዳኑን በገመድ ጠፈርኩና በጋቢ ጠቅልዬ አዘልኩት። ነጠላዬን ከላይ ጣል አድርጌ እሹሩሩ እያልኩ መራመድ ጀመርኩ። ጀርባዬ ይቃጠላል፣ የድንቹ ሽታ አገሩን አውዶታል፣ እኔ እሹሩሩ!

መታጠፊያው ላይ አንድ ወጣት ደንብ አስከባሪ አስቆመኝ። ነጠላውን በጣቱ ገለጥ ሲያደርገው እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ወጣ። በማን ስም እንደምለምነው እንኳ ጠፋኝ። ቀና ብሎ አየኝና ነጠላውን መልሶ አለበሰው።

«በታች በኩል ሂጂ እህቴ፣ ከላይ ሌሎች አሉ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጁንም ደህና አድርገሽ ሸፍኚው።»

ከታች ካለው ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር ስደርስ ድስቴን አወረድኩና ዘፍ አልኩ። እየሳቅኩ አለቀስኩ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሠራተኞቹም ዘግይተው ቢሆንም ምሳቸውን በሉ።

ዛሬ፣ ተመስገን፣ ፈቃድም ጣሪያም አለኝ። ሽንኩርት ሻጯም ከእኔው ጋ ነው የምትሠራው።

ለዚያ ወጣት ደንብ አስከባሪ ግን ያኔ በሳምንቱ ሸጋ ሸጋውን ድንች መርጬ፣ አዋዜ አብዝቼ ይዤለት ብሄድ፣ ሥራውን ለቆ ወደ አገሩ ገብቷል አሉኝ። የት ነው አገሩ ብል የሚያውቅ የለም። ሰሃኑን እንደያዝኩ መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ድንቹም እጄ ላይ ቀዘቀዘ።