በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያለችው ሴት

ሁላችንም «አንና»፣ ታላቅ ወንድም፣ ስለምንለው ስሙን የሚያውቅ የለም። በሃይደራባዱ የዕፅዋት ቤተ ሙከራችን የጨለማ ክፍሉን የያዘው እሱ ነው። ማታ ከመውጣቱ በፊት የጨረር መለኪያውን በእጁ፣ በጫማው፣ በመጨረሻም በጢሙ ላይ ያዞራል። ጢሙ ላይ ሲደርስ ብዙ ይቆያል፤ ኩራት እንጂ ፍርሃት አይመስለኝም።

በጨረር ምልክት ያደረግንባቸውን የሩዝ ፕሮቲኖች በኤክስሬይ ፊልም ሸፍነን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንተዋቸዋለን። በሁለት ሳምንታቸው ፊልሙ ላይ ጥቁር መስመር ሆነው ይወጣሉ። የፊልሙ ግራና ቀኝ እንዳይጠፋብን ጠርዙ ላይ ጨረር ባለው ቀለም ነጥብ እናደርጋለን። አንና ግን ነጥብ አይበቃውም፤ ትልቅ የአፍንጫ ቀለበት ያደረገች ሴት ይስላል። ፕሮፌሰሩ ሥራውን ለኅትመት ሲልኩ ቆርጠው ይጥሏታል።

ባለፈው ስራቫንቲ፣ መመረቂያዋ የደረሰባት ተማሪ፣ «አንና፣ በሞቴ ዛሬ እንክፈተው!» አለችው።

«ገና አራት ቀኑ እኮ ነው። አርፈሽ ተቀመጪ!»

ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ጠብቃ ገባችና ፊልሙን አውጥታ አጠበችው። ፕሮቲን የሚባል ነገር የለም። ቀለሙ ኃይለኛ ስለሆነ ቀድማ የወጣችው ባለቀለበቷ ሴት ብቻ ከጠርዙ አፍጥጣባታለች።

አንና ተመልሶ ፊልሙን ወደ መብራቱ አነሳው። ይጮህባታል ብለን ስንጠብቅ ጢሙን አሻሸ።

«እሷም እንዲሁ ቸኩላ ነው ጥላኝ የሄደችው» አለ፣ ባለቀለበቷን እያመለከተ። «ይሄ ጢም እስኪያድግ አንድ ዓመት ብትታገሠኝ ምን ነበረበት?»