ሁለት መቶ ሃምሳኛው ሰው

ቢሳሁ የመንደራችን አምቡላንስ ነበር። ከመንደራችን ከጃምዲህ እስከ አስፋልቱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ምጥ የያዛት፣ እባብ የነደፈው ሁሉ በገመድ አልጋ ተጭኖ በቢሳሁና በእኔ ትከሻ ይሄዳል። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ሃያ ዓመት። ሚስቱንም እንዲሁ ተሸክመናት ወንዙ ጋ ሞተችብን። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ከመንገድ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

መንግሥት ለእንደኛ ዓይነቱ የጫካ መንደር መንገድ የሚሠራው ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው ሲሞላ ነው። ቆጠራ ሲመጣ ቢሳሁ ከተማ ጡብ የሚሸከሙትን ጎረምሶች ሳይቀር አስጠራ። ቆጣሪው፣ ላብ ያጠመቀው አንድ አስተማሪ፣ ቤት ለቤት ዞሮ ሄደ። ውጤቱ ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ሆነ።

ጉዱ የወጣው ከራሱ ከቢሳሁ ቤት ነው። ምራቱ ኬጃ ሁለት ልጅ ቀብራለች። ሦስተኛው ሲወለድ፣ እንደ ደንባችን፣ ሞት እንዳያውቀው ሰፌድ ላይ አስተኝተው ለአዋላጇ ለሱክዋሮ በአንድ እፍኝ ስብርባሪ ሩዝ ሸጡት። ከዚያ በኋላ ልጁ እናቱ ጋ ቢያድግም የእኛ ነው አይባልም፤ ሞት ይሰማላ። ቢሳሁ ራሱ በልጅነቱ እንዲህ ተሸጧል፤ ስሙም የተገዛው ማለት ነው። እናም ቆጣሪው ሲጠይቀው ራሱን፣ የኬጃ ባል የሆነውን ልጁንና ምራቱን ቆጥሮ ሦስት ነን አለ። ሱክዋሮ ደግሞ የራሷን ቤተሰብ ብቻ ነገረች፤ ሕፃኑ የማን እንደሆነ ለማን ይጠፋል ብላ።

ሰው አልማረውም። ሊቀመንበሩ ፓርዴሺ ጉድጓዱ ዳር፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ "መንገዳችንን በእፍኝ ሩዝ ሸጥከው" አለው። ቢሳሁ ውሃውን ሳይቀዳ ተመለሰ።

አቤቱታ ጻፍን፤ ሹም ሐሙስ መጥቶ ሊያጣራ ተቀጠረ። ማክሰኞ ጠዋት ሕፃኑን ትኩሳት ያዘው። ተሸከምነው። ኬጃ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ በጎን ትሮጣለች። ወንዙ ጋ ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ቢሳሁ ዞሮ አላየም።

"እንመለስ" አለኝ።

ገና ሳንቀብረው ፓርዴሺ መጣ። ለቅሶው እስከ ሐሙስ ይቆይ፣ ለሹሙም ሌላ ሕፃን ይታይ አለ።

"የምለምንህ ለሟቹ አይደለም ጋሽ ቢሳሁ፤ ነገ አልጋው ላይ ለሚወጣው ነው" አለው።

ክፉ ነበር ግን አልዋሸም። የተዋሱት ሕፃን የእኔ የልጅ ልጅ ነው፤ በእኛ ቤት ከተቆጠረ በኋላ በጓሮ በኩል ወሰድኩላቸው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ሹሙ መዝገቡን ገልጦ ስንት ናችሁ አለ። ቢሳሁ አራት አለ። ኬጃ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች፤ ሕፃኑ ጡት ይፈልጋል፣ የእሷ ልብስ በወተት ርሷል።

"ሕፃኑስ የማን ነው?"

ቢሳሁ፣ "የእኛ ነው" አለ።

ሹሙ ጻፈ። ፓርዴሺ ሊሸኘው ተከትሎት ወጣ። ኬጃ ሕፃኑን ለእኔ መልሳ አማቷን አየችው።

"አባባ፣ ይህን ቃል ልጄ በሕይወት እያለ ምነው ሳይሉት ቀሩ?"

መንገዱ በሁለተኛው ዓመት አለቀ። አውቶብሱ መጀመሪያ የመጣ ቀን መንደሩ ከበሮ እየመታ ወጣ። ኬጃ ጥቅልሏን ይዛ ተሳፈረች፤ ወደ እናቷ ቤት። ባሏ ሊይዛት ሲል አባቱ ከለከለው። ጥቅልሉን ራሱ ቢሳሁ ተቀብሎ ሰቀለላት፤ እሷም እጁን ሳትነካ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም።