የሰሃራ ናሙና

ጅግጅጋ ውስጥ የሴቶች ጸጉር ቤት ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተቀየረ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባለቤቷ እትዬ ዘነበች በመጀመሪያው ቀን መቀስ አላስነካችኝም። የጸጉር መጠቅለያ ቢጎዲን አሳጠበችኝ፣ ፎጣ አሳጠፈችኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደብተር አስያዘችኝ። ጸጉር ከማንጣታችን በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቆርጠን ማንጫውን እንሞክርባታለን። ናሙናዋ በፕላስተር ደብተሩ ላይ ትለጠፋለች፤ ከጎኗ የደንበኛዋ ስምና ደቂቃው ይጻፋል። መጨረሻ ላይም የደረስንበትን መልክ እንደዚያው እንለጥፋለን።

“ደንበኛ ይህን አላልኩም ስትልሽ ገልጠሽ ታሳያታለሽ” አለችኝ። ያኔ አንቱ እላት ነበር።

ከባለትዳር የሶማሌ ደንበኞቻችን ብዙዎቹ ሳሎን መቀመጥ ስለማይወዱ ቤታቸው ሄደን እንሠራ ነበር። እትዬን እግሯን ስለሚያማት የምሄደው እኔ ነኝ።

ሰሃራ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ባሏ የከብት ነጋዴ ነው፤ ቤታቸው በቀብሪበያ መውጫ። ጸጉሯ በአንድ ቀን ተለውጦ ሰው እንዲያወራባት አልፈለገችም። ስለዚህ ከቶግ ውጫሌ የሚመጣውን ማንጫ ኦክስጅን በምንለው ደካማ ፈሳሽ እየበጠበጥኩ በየሐሙሱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ አቆይባት ነበር። ጥቁሩ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ቀይ፤ በአምስተኛው ወር የማር መልክ ያዘ። ከሁሉ የማይረሳኝ አንድ ነገር ነው። ገና ስቀመጥ “ጓንትሽን ጉያሽ ውስጥ አሙቂው፤ የሬሳ እጅ ይመስላል” ትለኝና ትስቃለች። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አይኖርም።

ሰሃራ በወሊድ ሞተች። የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ቀረች።

በሳምንቱ እትዬ ዘነበች የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ለተቀመጡ ሴቶች፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ የቀባኋት ነገር በራስ ቅሏ ሰርጎ ነው የገደላት ብላ ነገረቻቸው። ጠርሙሱን የገዛችው እሷ ናት። ደቂቃውን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ሳሎኑን ለቅቄ ስወጣ ደብተሩን ይዤ ወጣሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል የጠራኝ ሰው የለም።

በመጨረሻ የጠሩኝ የሰሃራ አማት ናቸው። ሁላችንም ኤዶ እንላቸዋለን፤ በሶማሌ እንደ አክስት ነው። እንደ አገሩ ልማድ ባልየው የሟች ሚስቱን ታናሽ እህት ሆዳንን አግብቶ ነበር። ከቱሊ ጉሌድ ከመጣች ወር አልሞላትም። የእህቷን ድርያ ቀሚስ ለብሳ፣ በእህቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

ኤዶ የፈለጉትን ሳያዞሩ ነገሩኝ። የሰሃራ ልጅ እህል እምቢ ብላለች፤ የምትፈልገው ያንን ጸጉር ነው። ሆዳን ላይ የሰሃራን መልክ አውጪልኝ አሉ።

“በአንዴ አይሁን” አሉኝ። “በአንድ ቀን የመጣች እናት ታስፈራታለች። ቀስ እያለች ትምጣ።”

ጥዬ መሄድ ነበረብኝ። ግን ሆዳን ያንኑ ማንጫ አምስት ወር ተቀብታ በጤናዋ ከተማ ውስጥ ብትታይ የዘነበች ውሸት ይጋለጣል ብዬ አሰብኩ። እሺ ያልኩት ለዚህ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ሆዳን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “አባዮ፣ እዚህ ላይ ይበቃኛል” አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። “ቡናማው የራሴ ይመስላል። ከዚህ ካለፈ ግን…” ብላ ወደ በሩ አየች። ኤዶ በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

ደብተሬን ገለጥኩ። የሰሃራን የመጨረሻ ናሙና ከጸጉሯ ጋር አስተያየሁ።

“ገና ነው” አልኳት።

ከዚያ በኋላ ጸጉሩ እኔን መጠበቅ ተወ። አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚፈልገው በሰባት፣ ቀጥሎ በአራት ደቂቃ ይነጣ ጀመር። አንድ ሐሙስ የራስ መሸፈኛዋን ስገልጥ ከተውኩት መልክ አልፎ ሄዷል። ማን እንደነካው ኤዶን ጠየቅኩ። ማንም አልነካውም አሉኝ። ማንጫው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

የመጨረሻው ቀን የሰሃራን ናሙና ከደብተሩ ልጬ ለማስተያየት ጸጉሯ ላይ አስቀመጥኳት። ጠፋችብኝ። በቀጭን ማበጠሪያ እየከፈልኩ ከግንባር እስከ ማጅራት ፈለግኩ፤ ከሌላው መለየት አልቻልኩም። ጓንቴን ላጠልቅ ስል ሆዳን ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

“ጉያሽ ውስጥ አሙቂው። የሬሳ እጅ ይመስላል።”

መስታወቱን ቀና ብዬ አላየሁም። ልጅቷ ከበሩ “ሆዮ” ብላ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ገባችና የሆዳን ጭን ላይ ተኛች። ያን ቀን ምሳዋን በላች አሉ።

ደንበኞቼ ተመለሱ። ዘነበች አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀድማ ሰላም አለችኝ፤ አልፌያት ሄድኩ። የፈለግኩትን አግኝቻለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የደገሀቡር ሚኒባሶች የሚቆሙበት ቦታ ሆዳንን አየኋት። ጸጉሯ ከመሸፈኛዋ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ከሥሩ ጀምሮ የማር መልክ ነው፣ አዲስ የበቀለ ጥቁር የለውም። ማን እንደሚሠራት አላውቅም። “ሆዳን” ብዬ ጠራኋት። አልዞረችም። ጠጋ ብዬ ደገምኩት፤ ሌላ ሰው የምጠራ መስሏት መንገድ ለቀቀችልኝ።

“ሰሃራ” አልኩ።

“ወይ አባዮ” ብላ ዞረች።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። የሰሃራ የመጨረሻ ናሙና በነበረበት ቦታ የፕላስተሩ ምልክት፣ ስሟና አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ የምትጠይቁት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ነው። ይበቃኛል ካለች ውኃ አምጥታችሁ እጠቡት።