«ወረፋ ላይ ነኝ» ያለኝ አባቴ

እሁድ ጠዋት ነው... አፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ። የሃይፋው አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ አንድ ሰውዬ ወደ ጦር ሰፈራቸው ከሚመለሱት ወታደሮች ኋላ ሹልክ ብሎ ገባና ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠ።

እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ነኝ። ፊቱን አላየሁትም። ጃኬቱን ግን አውቀዋለሁ... ክርኑ ላይ እናቴ የጣፈችው ነው።

አባቴ ነው።

አባቴ እኮ ያን ቀን ጠዋት «ኩፓት ሖሊም ቀጠሮ አለኝ» ብሎ ነው ከቤት የወጣው። ክሊኒኩ ደግሞ እዚያው አፉላ ኢሊት፣ ቤታችን አጠገብ ነው። ሃይፋ ምን ሊሠራ ይሄዳል?

ስልኬን አውጥቼ ደወልሁለት። ፊት ወንበር ላይ ስልክ ጮኸ።

«አባየ፣ የት ነህ?»

«ኩፓት ሖሊም... ወረፋ ላይ ነኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ብዙ ሰው አለ?»

«ሞልቷል» አለ። ዞር ዞር ሲል ከኋላ አየዋለሁ። «ሁሉም ወታደር ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣው በሽታ ነው። ሃይፋ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ከሥራ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ ቀርቷል... ከእኛ ደብቆ የሚመረመርለት ነገር አለ ማለት ነው። ሄጄ ልጠይቀው አልሁና ተውሁት፤ እንደገና ይዋሸኛል። ወርዶ የሚገባበትን ቤት ባየው ይሻላል ብየ ቁጭ አልሁ።

መንገዱን ሙሉ ጀርባውን ሳይ ሄድሁ። አንድ ነገር ግን አልገጥም አለኝ። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር በሹፌሩ መስታወት አሾልኮ ወደ ኋላ ያያል... ማን እንደወረደ። ሃይፋ ገብተን አንዱ ሆስፒታል ጋ ስንደርስ ልከተለው ቦርሳየን ጨብጬ ተዘጋጀሁ። እሱ ንቅንቅ አላለም።

ያኔ ገባኝ። ለካ እኔ ተከታይ አይደለሁም፤ የምከተለው ሰው ነው የሚከተለኝ።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከሠራዊት ስወጣ ሁለት ቦታ ተቀብለውኝ ነበር። አንዱ ለቤታችን ቅርብ የሆነ የነርስነት ትምህርት ነው። ሌላው ሃይፋ ያለ ዩኒቨርሲቲ፣ የባህር ሳይንስ። ባህሩን መረጥሁ። አባቴ «ባህር ደግሞ ምኑን ይማሩታል?» አለ። አልወደደውም።

በየሳምንቱ ለሰንበት ቤት ስመጣ ፊቴ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ፀጉሬ ጨው ጨው እየሸተተ፣ እየሳቅሁ ነው የምገባው። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናቴ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አሸዋ ትጠርጋለች። አባቴ አሸዋውን ያያል፣ እኔን ያያል።

ቀን ሲጥለው ደግሞ የዚያን ዕለት ትምህርታችን ባህሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ ነበር።

ወርጄ ዞር ሳልል ቀጥ ብየ ሄድሁ። ተናድጃለሁ። ወታደር ሆኜ ተመልሻለሁ... ገና እሰለላለሁ? እስኪ ይየኝ ብየ ጥብቅ ያለውን የመጥለቂያ ልብሴን ለበስሁና ከጓደኞቼ ጋር እየተሳሳቅን ውኃው ውስጥ ገባሁ። ናሙና የምናወጣበትን መረብ አንዱ ልጅ በአንድ በኩል ይዞ፣ እኔ በሌላው።

ቀና ስል አባቴ ጫማውን እንዳደረገ አሸዋው ላይ ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል።

መምህራችን ጠጋ ብላ በዕብራይስጥ «ሰው እየፈለጉ ነው?» አለችው።

«ልጄን» አላት ወደ እኔ እየጠቆመ። «ትምህርቱ የት ነው?»

«እዚህ ነው።»

«ይኼ እኮ መዋኘት ነው።»

መምህሯ አልሳቀችም። አሸዋው ላይ በተዘረጋ ጠረጴዛ ወደተቀመጠው ማይክሮስኮፕ ወሰደችው፤ በመረብ ካወጣነው አንዲት ጠብታ አደረገችበትና «ይዩ» አለችው።

አባቴ ጎንበስ አለ... ቀና ሳይል ቆየ።

«ይኼ የሚንቀሳቀሰው ነፍስ አለው?»

«አዎ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ሰው ሲዋኝ ይኼን ሁሉ ነው የሚውጠው?»

ጓደኞቼ ሳቁ፤ እሱ ግን ከምሩ ነው። ምን እንደሚበሉ ጠየቀ። ማን እንደሚበላቸው ጠየቀ። ተማሪው ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል፤ አባቴ ዐይኑን አልነቀለም።

በኋላ ድንጋይ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አልሁት።

«ብጠይቅሽ አንች የምትነግሪኝን ብቻ ነው የምሰማው» አለኝ። ከጫማው አሸዋ እያራገፈ... «እኔ ኡልፓን ገብቼ ዕብራይስጥ ስማር ራሴን እያመመኝ ነበር የምወጣ። አንች ተምሬ መጣሁ እያልሽ ደምቀሽ ትገቢያለሽ። ትምህርት ሰውን እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ምን ልበል?»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

«ፈተና አለው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አለው እንጂ። ከባድ ነው። ባለፈው አንዱን ወድቄ ደግሜዋለሁ።» ይኼን ለቤት አልተናገርሁም ነበር።

ፊቱ የተፈታው ያን ጊዜ ነው። «እንግዲያ ትምህርት ነው» አለ።

አርብ ቤት ስገባ አባቴ ወጥ ቤት ቆሞ ስለዚያች ጠብታ ለእናቴ እያወራ ነው... እጁን እያወናጨፈ፣ እየሳቀ። እናቴ እሱን አየችው። ከዚያ እኔን። ከዚያ እንደገና እሱን።

«እውነት እሁድ ሃይፋ ነው የዋልኸው?» አለችው።

አሁን ቤታችን ውስጥ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ነን።