ሞራው ከየት መጣ

ሰፈፍ ሲፈላ የሚወጣው ሽታ፣ ማርም ጭስም የሚመስለው፣ ዛሬም ባላሰብኩት ሰዓት ይመጣብኛል። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ጥቅምት ተጋምሶ ማር ሲቆረጥ፣ ከደሴ ዙሪያ የሚመጡት ንብ አርቢው አባ ሰይድ ማራቸውን ገበያ ሸጠው ሲያበቁ፣ የተጨመቀውን ሰፈፍ በአህያ ጭነው ለእናቴ ያመጡላት ነበር። እናቴም በትልቅ ድስት ከውሃ ጋር አፍልታ፣ በጆንያ አጥልላ፣ ሲበርድ ከላይ የሚረጋውን ቢጫ ሰም ታነሣና እንደገና አቅልጣ፣ የጥጥ ፈትል እየነከረችበት፣ በመዳፏ እያሸች ለደብራችን ጧፍ ትሠራ ነበር። ሙስሊም ያመጣው ሰም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲበራ በሰፈራችን ማንንም አስገርሞ አያውቅም፤ የሺ እጇን እስክታስገባ ድረስ።

የሺ የአባቴ እኅት ነበረች። በሕይወት ሳለች «እትዬ» እያልኳት ኖሬያለሁ፤ አሁን ስሟን በባዶው ብጠራው የሚቆጣኝ የለም።

በጋው ገፍቶ ዐቢይ ጾም ሲቃረብ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወለደች። የሺ አራሷን ላግዝ ብላ መጣችና የጓዳውንም የሰሙንም ሥራ ተረከበች። ሰሙ ሲቀልጥ አጠገቧ እንድቆም አትወድም ነበር፤ «ሂጂ እናትሽ ጋ ተቀመጪ፣ አንቺ ዓይነ ደረቅ!» እያለች ታባርረኝ ነበር። ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ነጠላዋ ሥር የምታቅፈው ነገር አይጠፋም፤ ምንድን ነው ስላት ለልጆቼ የያዝኩት ቂጣ ነው ትለኝ ነበር። ቂጣ ሰውን እንደዚያ አያጎብጥም።

ጾሙ ገብቶ ጧፉ ሲለኮስ አጨሰ፣ ሥጋ ሥጋም ሸተተ። በጾም! የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ የሚጠብቁት ገበዝ ጧፉን ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ። አባ ሰይድም አራስ ሊጠይቁ ማር ይዘው መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር።

«ምን ጨመርሽበት፣ ልጄ?» አሏት ገበዙ እናቴን።

እናቴ አፏን ሳትከፍት የሺ ቀደመች። «እሷ ምን ታድርግ፣ አባቴ! ሰሙን የሚያመጣላት ማን ሆነና? የነሱን ከብት ሞራ ቀላቅለው ሰጥተዋት ነው እንጂ።»

በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም በልቅሶም በደስታም አንድ ነው፣ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። የሺ ይህን ስለምታውቅ ነው ያንን ቃል የመረጠችው።

አባ ሰይድ ማሩን መሬት አስቀመጡ። «ወላሂ፣ እኔ ያለኝ ንብ ነው፤ ንብ ደግሞ ሞራ የላትም» አሉ።

ገበዙ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ የሺን አይተው ተዉት። ከዚያ ለእናቴ መውጫ ሰጧት። «እንግዲያው ሰሙን ከሌላ ሰው ግዢና ሥራሽን ቀጥዪ።»

«ይህን ካደረግሁማ እሳቸውን አታላይ አልኩ ማለት ነው» አለች እናቴ፣ ሕፃኑን እንደታቀፈች። «አልልም፣ አባቴ።»

እኔ «እትዬ የሺ ናት!» ብዬ ጮህኩ። በጥፊ የመታኝ አባቴ ነበር። አባ ሰይድ እናቴን «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያያል» ብለዋት ወጡ።

ጥፋቱ እናቴ ላይ ቀረና ክረምቱ ሲገባ ጧፍ ሠሪዋ የሺ ሆነች። እናቴ ለሰው ጥጥ እየፈተለች አሳደገችን፤ ጎረቤት ግን ቅቤዋን እንኳ ሞራ አለበት እያለ ያሸት ነበር። ሞራ ቀላቃይ የሚለው ስም ሳይነሣላት ሞተች።

በቅርቡ የየሺ የልጅ ልጅ ኮምቦልቻ ውስጥ ከአኩሪ አተር ሰም በብርጭቆ ሻማ እየሠራች ትሸጣለች አሉኝ። ሄድኩ፤ ልመርቃት ሳይሆን ልመረምራት። ሻማው እንደ ቅቤ ነጭ ነው፣ በጥፍሬ ብጭረው ለስላሳ።

«ይኼ ሞራ አይደለም?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ! የእህል ዘይት ነው የረጋው፣ የለየለት የጾም» ብላ ሳቀች። «ችግሩ የኮምቦልቻን ሙቀት አይችልም። እንደ ደሴ ብርድ ቢሆን ደህና ነበር። እንዲጠነክር ትንሽ የንብ ሰም እጨምርበታለሁ።»

«መቀላቀሉን ማን አስተማረሽ?»

«አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና። ሰምና ሞራ ስትቀላቅዪ ሁለቱም ትኩስ ሳሉ አማስዪ፣ አለዚያ ይዥጎረጎርና ያስታውቃል ትለኝ ነበር። እኔም በአኩሪ አተሩ እንደዚያው አደርጋለሁ።»

«ሞራ ነው ያለችሽ?»

«አዎ፣ ሞራ። ምነው?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ሁሉን ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «አሁን ምን ላድርግልዎ?» አለችኝ። ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ተናገሪ አልኳት፤ እናገራለሁ አለች። ትናገር አትናገር አላውቅም፤ የየሺ ዘር ናትና ሳትቀድመኝ እኔው ጻፍኩት።

የልጅቱ ሻማ አያጨስም፣ ከንብ ሰም ቶሎ ቢያልቅም ብርሃኑ ደህና ነው። ብርጭቆው ላይ ምን እንደገባበት የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል፤ የገዛው ሁሉ አንብቦ ያምናል፣ ማንም ቤቷ ድረስ ሄዶ አይጠይቃትም። እናቴ የነበራት ቃሏ ብቻ ነበር። እሱንም አባ ሰይድን ለማዳን አዋለችው፤ ለራሷ የተረፋት የለም።