ልጄ የተሸከመው ድንጋይ

የጎረቤታችን መጋዘን በቀን ተሰብሮ ሁለት የሶላር ባትሪ ሲሰረቅ፣ ዘበኛው ልጄ እኔ ቤት ምሳ እየበላ ነበር። ጥበቃውን ትቶ መምጣቱ ጥፋት ነው። ባትሪውን ግን አልወሰደም።

ባለመጋዘኑ እንደኛው ከደጋ መጥቶ፣ ድንበሩን ተሻግሮ በማዶው ሞያሌ የቀረ ነጋዴ ነው። በዚያው ዕለት ለፖሊስ አመለከተ። ከዚያ ሽማግሌዎች ገቡ። ልጄ አልሰረቅኩም ብሎ ድርቅ ሲል፣ ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጎን ጠሩኝ።

«እህቴ፣ እውነቱን እግዜር ያውቀዋል። ዕርቅ የሚወርደው አንዱ ዝቅ ሲል ነው። ድንጋይ ተሸክሞ በድያለሁ ይበል፤ ሰውዬውም ክሱን ይተዋል።»

ነገሩ አልከበደኝም። አባቴም በአገራችን ላልገደለው በሬ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር፤ በዚያም ተከበረ እንጂ አልተናቀም።

«እማዬ፣ አልወሰድኩም እኮ» አለኝ ልጄ።

«አውቃለሁ። ለሰላም ብለህ ነው።»

«ቀለል ያለውን ስጡት» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፤ «ወገቡ ተቀጭቶ ደግሞ ለወገቡ ሌላ ዕርቅ እንዳንቀመጥ!» ሁላችንም ሳቅን። ባለመጋዘኑ ድንጋዩን ከትከሻው አውርዶለት ተሳሳሙ።

ክሱ ግን አልተነሳም። ባለመጋዘኑ ትቼዋለሁ ቢል፣ ፖሊሶቹ ጉዳዩ አሁን የመንግሥት ነው አሉት። ችሎት ላይ ትልቁ ሽማግሌ ለምስክርነት ተጠሩ። መጽሐፍ ይዘው ምለው የሚዋሹ ሰው አይደሉም። «አዎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ በድያለሁ ብሏል» አሉ። ለምን እንዳለ የጠየቃቸው የለም፤ ልጄ ጠበቃ አልነበረውም።

እኔም ተነስቼ ምሳውን ተናገርኩ። ዳኛዋ በአስተርጓሚ፣ «ማማ፣ ያልሰረቀ ሰው ለምን ይቅርታ ይለምናል?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች። እናት ለልጇ ምን ብላ ትመሰክራለች? ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

ይግባኝ ለማለት ዐሥራ አራት ቀን ተሰጠን። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ፣ የሽማግሌው ቃል በጽሑፍ ካልመጣ ይግባኙ ብዙም ተስፋ የለውም አለኝ። ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅኩ። «ለዕርቁ ሲባል በድያለሁ በል ያልኩት እኔ ነኝ» ብለው እንዲፈርሙልኝ ለመንኳቸው።

እጄን ይዘው አነሱኝ። «እንዲያ ብዬ ከፈረምኩ፣ ከኦዳ መንደር እስከ ጎልቦ ቆላ ያስታረቅኩት ሁሉ ውሸት ነበር ይባላል። በእኔ ቃል ረግቶ የተቀመጠ ደም አለ፣ እህቴ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። የሚሉትም እውነት ነው። በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ ለመንኩ፤ ውሃ ሰጥተው ይሸኙኛል።

በዐሥራ አራተኛው ቀን እስር ቤት ሄድኩ። ልጄ ከስቷል።

«ፈረሙልሽ?» አለኝ።

«ነገ ይፈርማሉ» አልኩት።