አፊፋ ያስመታችው ማኅተም

አፊፋን ጡት ሳትጥል ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ሰፈራችን ሰቶ ሰመሮ ውስጥ የሚለየን አንድ አጥር ነው። እልኸኛ ናት። እልኸኛ ሰው ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል። አባቷ ጋሽ ኡመይር የእድራችን ንብረት ጠባቂ ናቸው። ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ድስቱም የሚቀመጠው እነሱ ቤት ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ዘንድሮ ሽማግሌው ራሳቸው ኩላሊታቸው ደክሞ አልጋ ይዘዋል።

የመስቀል ሰሞን ለአገር አቀፍ የወጣቶች ልማት ጉባኤ አመልክቱ ተባለ። አፊፋ ከጓደኞቿ ጋር ወንዛችንን የሚያጸዳ ክበብ አላት። ከላይ ያለው ቡና ማጠቢያ የሚለቀውን ጠቆር ያለ ውሃና የታመሙትን ከብቶች በስልኳ ቀረጸች፤ ጽሑፉንም ጻፈች። የቀራት ከአካባቢ ተቋም የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች፤ ነገ ነይ፣ ነገ ነይ። ሲሰለቻት ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ሐጂ ቲጃኒ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

"ሐጂ፣ መጀመሪያ ያንብቡት" አለቻቸው።

"ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ የኡመይርን ልጅ አንብቤ ነው የማምናት? ቢስሚላህ" ብለው ማኅተሙን አሳረፉበት።

እኛ ዘንድ የጎረቤት ልጅ ወረቀት ማንበብ እንደ መጠርጠር ነው። ሦስታችንም ሳቅን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

አዘጋጆቹ የወደዷቸውን ማመልከቻዎች ቴሌግራም ላይ ለቀቁ። የአፊፋም ወጣ፤ ግርጌው ላይ የእድራችን ማኅተም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙም ሳይቆይ ባለሙያዎች በመኪና መጥተው ውሃውን ለምርመራ ቀድተው ሄዱ። ከዚያ ማጠቢያው ታሸገ፤ ያውም ቀዩ የቡና እሸት በሚደርስበት ወቅት። ባለቤቱ የእድራችን አባል ነው፤ ድንኳኑንም የገዛልን እሱ ነው። የሰፈራችን ሴቶች የግማሾቹ እንጀራ እዚያ ነበር።

ማንም አልጮኸባትም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። ማጠቢያው ትሠራ የነበረችው ጎረቤታችን ኩልሱም የአፊፋን ሰላምታ መመለስ ተወች። አፊፋ ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ጋሽ ኡመይርን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። ሐጂ ቲጃኒን መንገድ ላይ አግኝቼ "ማኅተሙን የመቱት እኮ እርስዎ ነዎት" አልኳቸው።

"አውቃለሁ፣ ቆንጂት። እድሩ ግን የእኔ ብቻ አይደለም" አሉኝና ሄዱ። ተናደድኩ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ትናንት ከሰዓት አፊፋ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፤ ተመርጠሻል፣ ሰኞ አዲስ አበባ ግቢ ይላል። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ እያገዝኳት ሳለ በሩ ተንኳኳ። የሰፈራችን ወንዶች ናቸው፣ ሁሉንም እናውቃቸዋለን። አንገታቸውን ደፍተው ገቡና የእድሩን ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። ነገሩ ገባኝ፤ እነጋሽ ኡመይርን ከእድሩ አስወጥተዋቸዋል። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ደጁ ላይ የሚቆም የለም። ከመካከላቸው አብደላ ብቻ ዞር ሳይል "አፉ በሉን" አለ።

የድንኳኑ ብረት ሲጋጭ ጋሽ ኡመይር ከአልጋቸው ቀና አሉ።

"ኢና ሊላሂ! ማን ሞተ?"

አፊፋ ቀሚሷን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ባዶ የቀረውን ጥግ አዩ።

"እኔ ነኛ" አሉና መልሰው ጋደም አሉ።

አፊፋ ልብሶቿን አንድ በአንድ ከሻንጣው አወጣች።